ምስሉ ላይ የሚንሸራተተው ጥቁር መስመር

ጥያቄ፦ ጅማ የምማር የሚዲያ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ቃለ መጠይቅ ስቀርጽ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይንሸራተታሉ። ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ላይ ስቀርጽ ደግሞ የተናጋሪው ፊት ይጨልማል። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካሜራው ደህና ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የክፍሉ አምፖል፣ ለዓይን ባይታወቅም፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ሸተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሴኮንድ ላይ ከሆነ ከዚህ ምት ጋር አይገጥምም፤ መስመሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፍሬም ሬቱን (በሴኮንድ የሚቀረጹትን ምስሎች ብዛት) 25፣ ሸተሩን 1/50 ያድርጉ። 25 የሚል ካጡ ሜኑ ውስጥ ኤንቲኤስሲ የሚለውን የቪዲዮ ሥርዓት 25 ወዳለው ወደ ፓል ይቀይሩት። አንዳንድ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ግን ከዚህም በኋላ መርገብገቡን አይተውም፤ ያጥፉትና ተናጋሪውን መስኮት አጠገብ ያስቀምጡ።

በረንዳው ላይ ካሜራው አውቶማቲክ ሆኖ ከጀርባ ያለውን ደማቅ ሰማይ ስለሚለካ አይሪሱን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንስ ቀዳዳ) ያጠባል፣ ፊት ይጨልማል። ወደ ማኑዋል ይቀይሩ። ዜብራውን (ብርሃኑ የተመረጠው ልክ ላይ የደረሰበትን ቦታ በሰረዝ የሚያሳየውን) ይክፈቱና አይሪሱን ቀስ እያሉ ያስፉ። ለፊት 70 በመቶ የሚለው የተለመደ የዜብራ ልክ ለነጭ ቆዳ የወጣ ነው፤ ለጠይም ፊት ከ50 እስከ 60 ላይ አድርገው፣ ሰረዞቹ ግንባርና ጉንጭ ላይ ብቅ ሲሉ ያቁሙ። ይህን ልብ ብሎ መያዝ ይገባል፤ ብዙ ፊት ያለ አግባብ ነጥቶ የሚወጣው በዚህ ነው። ሰረዞቹ ቀረጻው ውስጥ አይገቡም። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ከቀረ ተናጋሪውን ጀርባው ወደ ጥላማው ግድግዳ እንዲሆን ያዙሩት።