ግፊቱ ተለካ፤ ከዚያስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፦ ሥር የሰደዱ በሽታዎች፣ በተለይም የደም ግፊት፣ የጤና አገልግሎት በበቂ ሁኔታ በማይደርሳቸው ማኅበረሰቦች ላይ ለምን ይበረታሉ? ልዩነቱን ለማጥበብ የሚሠሩ ሐኪም ተመራማሪዎችስ ሥራቸውን እንዴት ያከናውናሉ? ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሐኪም ነኝ። ስለ ደም ግፊት ያለማቋረጥ እናስተምራለን፣ ከጤና ተቋም ውጭ እየወጣንም እንለካለን። ሆኖም በድሃው ሰፈር ግፊታቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች ቁጥር ፈቀቅ አላለም። ምን ጎደለን?

መልስ፦ ትምህርቱን ለጊዜው ይተዉትና በልኬቱና በመድኃኒቱ መካከል ያለውን መንገድ ይመርምሩ። በሕክምና ትምህርት ቤት «የግማሾች ሕግ» የሚባል የቆየ አባባል አለ። ግፊት ካለባቸው 100 ሰዎች የሚያውቁት 50 ናቸው፤ ከእነዚህ ሕክምና የጀመሩት 25፤ ከእነዚህም ግፊታቸው የተስተካከለው 12 ያህል ብቻ። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም አሠራሩ ይጠቅማል። ለድሃውም ለሀብታሙም ሰፈር ይህንኑ ሠንጠረዥ በራሳችሁ መረጃ ሙሉና የት ላይ ብዙ ሰው እንደሚጠፋ እዩ። አብዛኛው የሚጠፋው ከማወቅ በፊት ከሆነ መለካቱ ይረዳል። ካወቀ በኋላ ከሆነ ግን ተጨማሪ ሰው መለካት ያልታከሙ ሰዎችን መዝገብ ከማርዘም ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳየው በአሜሪካ በጥቁር ወንዶች ፀጉር ቤቶች ውስጥ የተሠራው ጥናት ነው። ሐኪሙ ሮናልድ ቪክተርና ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ በዳላስ ሞከሩት፤ ውጤቱ በ2011 ታተመ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፀጉር አስተካካዮቹ የደንበኞቻቸውን ግፊት እየለኩ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ይመክሩ ነበር። መሻሻል ቢኖርም መጠነኛ ነበር። ምክሩን የሰማ ሰው ቀጠሮ ማግኘት፣ ከሥራ መቅረት፣ ካርድ ማውጣትና መጠበቅ አለበትና።

በሎስ አንጀለስ የተደረገውና በ2018 የታተመው ሁለተኛው ጥናት ምክሩን ሳይሆን ሕክምናውን ወደ ፀጉር ቤቱ አመጣ። በ52 ፀጉር ቤቶች 319 ወንዶች ተሳተፉ። ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ፋርማሲስቶች ከሐኪሞቹ ጋር በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት እዚያው ፀጉር ቤት ውስጥ መድኃኒት አዘዙ፣ መጠን ጨመሩ፣ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራም አደረጉ። ከስድስት ወር በኋላ በዚህ ቡድን የላይኛው ግፊት በአማካይ በ27 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ወረደ። ፀጉር አስተካካዮቹ ምክር ብቻ በሰጡበት የንጽጽር ቡድን ደግሞ በ9.3 ብቻ። ከ130/80 በታች የደረሱት በመጀመሪያው ቡድን 63.6 በመቶ፣ በሁለተኛው 11.7 በመቶ ናቸው።

ከዚህ ውስጥ ፀጉር ቤቱን ብቻ ነጥሎ የሚወስድ ሰው ዋናውን ነገር ይስታል። ፀጉር ቤቱ የተመረጠው ደንበኛው በየጥቂት ሳምንቱ ሳይቀር የሚመለስበትና የሚያምነው ቦታ ስለሆነ ነው። በሌላ ማኅበረሰብ ይህ ቦታ የአምልኮ ቤት ወይም የሥራ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሊቀር የማይችለው በቦታው ላይ መድኃኒት የማዘዝና የመጨመር ሥልጣን ያለው ሰው መኖሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪም በሌለበት መድኃኒት መጨመር አደገኛ አይደለም?

መልስ፦ በጽሑፍ የሰፈረ ደረጃ በደረጃ መመሪያ ከሌለ አደገኛ ነው። ካለ ግን ጉዳቱ ያለው ባለመጨመር ላይ ነው። የላይኛው ግፊቱ 156 ሆኖ የመጣ ሰው «ጨው ቀንስ፣ ከሦስት ወር በኋላ ና» ተብሎ በዚያው መጠን ይሸኛል፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። መመሪያው ይህን ማመንታት ያስቀራል። በተግባር እንዲህ ይመስላል፦ ግፊቱ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በመመሪያው የተመረጠው መድኃኒት ይጀመራል (የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ከተቻለ ሁለት መድኃኒት በአንድ እንክብል እንዲጀመር ይመክራል)፤ በየወሩ ይታያል፤ ካልወረደ በዚያው ዕለት ወደሚቀጥለው ደረጃ ይታለፋል፤ ከተስተካከለ በኋላ ክትትሉ በየ3 እስከ 6 ወር ይሆናል። መመሪያው ባለሙያው የማይነካቸውንም በግልጽ መዘርዘር አለበት፦ ነፍሰ ጡር፣ ክሬአቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ) ከፍ ያለ፣ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም ያጋጠመው ሰው ወደ ሐኪም ይላካል።

በቻይና 326 መንደሮች የተደረገውና በ2021 የታተመው ጥናት የመንደር ሐኪሞችን (ሙሉ የሕክምና ትምህርት የሌላቸውን) በዚህ ዓይነት መመሪያ አሠማርቷል። መድኃኒቱ በቅናሽ ወይም በነፃ ተሰጠ፣ የቤት መለኪያም ታደለ። ከ18 ወር በኋላ ከ130/80 በታች የሆኑት 57 በመቶ ሲሆኑ በንጽጽር መንደሮች 19.9 በመቶ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ከክሊኒክ ውጭ ስንለካ የምናገኘው ቁጥር ክሊኒክ ውስጥ ካለው ጋር አይገጥምም። የትኛውን እንመን?

መልስ፦ አለካኩ አንድ ካልሆነ ሁለቱንም አትመኑ። ጫጫታና መጨናነቅ ባለበት ቦታ የሚፈጸሙት ስህተቶች አብዛኞቹ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ። ጤነኛውን በሽተኛ አድርጋችሁ ትመዘግባላችሁ፤ በሚቀጥለው ልኬት «ዳነ» ትላላችሁ።

ሰውዬው ከመለካቱ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አይጠጣ፣ አያጭስ፣ ከባድ እንቅስቃሴ አያድርግ። ሽንቱን ይሽና። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ እግሩን አያነባብር፣ መሬት ያስረግጥ። ክንዱ በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ በልብ ትይዩ ይሁን፤ ወደታች ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ ያለአግባብ ይጨምራል። ማሰሪያው በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር እንጂ በእጅጌ ላይ አይሁን። እየተለካ አይናገር፤ እናንተም አታናግሩት። ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ለክታችሁ አማካዩን መዝግቡ።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የማሰሪያው ልክ ነው። የክንዱን ዙሪያ በትከሻና በክርን መሐል በሜትር ለኩ፦ ከ22 እስከ 26 ሴ.ሜ. ትንሹ፣ ከ27 እስከ 34 መደበኛው፣ ከ35 እስከ 44 ትልቁ፣ ከ45 እስከ 52 በጣም ትልቁ ማሰሪያ ነው። በ2023 የታተመ ጥናት መደበኛውን ማሰሪያ ለሁሉም በማሰር ምን እንደሚፈጠር ለክቷል፤ ትልቁ በሚያስፈልጋቸው ላይ የላይኛው ግፊት በአማካይ 4.8፣ በጣም ትልቁ በሚያስፈልጋቸው ላይ ደግሞ 19.5 ሚ.ሜ. ከፍ ብሎ ተነቧል። ውፍረት የበዛበትን ሰፈር ከሌላው ጋር በአንድ ማሰሪያ ካነጻጸራችሁ ልዩነቱን የፈጠረው መሣሪያችሁ ሊሆን ይችላል። አንድ ማሰሪያ ብቻ ይዞ ለምርመራ መውጣት ባይወጣ ይሻላል እስከማለት እንደርሳለን።

በየወሩ መጨረሻ የቁጥሮቹን የመጨረሻ አሃዝ ቁጠሩ። በየ2 ሚ.ሜ. ምልክት ባለው የእጅ መለኪያ ከ200 ልኬቶች በ0 የሚያልቁት 40 ያህል መሆን አለባቸው። 90 ከሆኑ ለኪው እያጠጋጋ ነው፤ 140 ላይ የሚወሰነው ውሳኔም አብሮ ይዛባል። የማጠጋጋት ልማድ ካልቀረ ደረጃው ወደተረጋገጠ ዲጂታል መለኪያ ቀይሩ።

180/110 እና ከዚያ በላይ ሲገኝ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገም። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ካለ ግን ድጋሚ ልኬት ሳይጠበቅ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይወሰድ።

ጥያቄ፦ የማኅበረሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። በፕሮግራማችን ግፊታቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች በሀብታሙ ሰፈር ከ60 ወደ 75 በመቶ፣ በድሃው ከ40 ወደ 50 በመቶ ከፍ ብለዋል። ተሳክቶልናል ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ሁለቱም ሰፈሮች ጤናቸው ተሻሽሏል፤ ልዩነቱ ግን ሰፍቷል። በመጀመሪያ 20 ነጥብ ነበር፣ አሁን 25 ሆነ። በንጽጽር (60 ለ40፣ 75 ለ50) ካሰላችሁት ግን ሁለቱም ጊዜ 1.5 ነው፤ «ልዩነቱ አልተለወጠም» ያሰኛል። ሰነፍ ሪፖርት ለራሱ የሚስማማውን መርጦ ይጽፋል። ስለዚህ ሁለቱንም አሳዩ፤ ዋናው መለኪያችሁ የትኛው እንደሆነም መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት በጥናቱ ዕቅድ ላይ ይስፈር።

ይህ የናንተ ብቻ ችግር አይደለም። በዌልስ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት በ1971 እንደጻፉት፣ ጥሩ ሕክምና በብዛት የሚገኘው እምብዛም በማያስፈልገው ሕዝብ ዘንድ ነው። ለሁሉም እኩል የተከፈተ አገልግሎት ቀድሞ የሚሞላው ጊዜ፣ ትራንስፖርትና መረጃ ባለው ሰው ነው። መፍትሔው የቀጠሮውን ቦታ በኮታ መያዝ፣ የምሽትና የቅዳሜ ሰዓት መክፈትና አስታዋሽ ሠራተኞችን በብዛት ወደ ድሃው ሰፈር መመደብ ነው።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱ እንደሚሠራ እየታወቀ የንጽጽር ቡድን ለምን ያስፈልጋል? ሰዎቹን መበደል አይሆንም?

መልስ፦ ከላይ ያነሳነውን የሎስ አንጀለስ ጥናት እንደገና እንመልከት። በንጽጽር ቡድኑ ግፊት በ9.3 ወርዷል። በከፊል ከምክሩ ሊሆን ይችላል፤ በከፊል ግን ሰዎቹ የተመረጡት በዚያን ጊዜ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘ ነው። ከፍ ባለበት ጊዜ የተመረጠ ቁጥር ሲደገም ወደ አማካዩ ይወርዳል፤ ምንም ባይደረግለትም። የንጽጽር ቡድን ባይኖር ያ ሁሉ ለፋርማሲስቶቹ ይቆጠር ነበር። መበደልን በተመለከተ፣ የንጽጽሩ ቡድን ከተለመደው ሕክምና አይከለከልም፤ አገልግሎቱ ውጤታማ ከሆነ በኋላ ለእነሱም እንደሚዳረስ በጽሑፍ ቃል መግባት ይቻላል። ወይም ቦታዎቹ ተራ በተራ እንዲጀምሩ ተደርጎ ተራው በዕጣ ይወሰናል።

ዕጣው በሰው ሳይሆን በቦታ መውጣቱ ደግሞ ምክንያት አለው፤ በአንድ ቤት ውስጥ የሚገናኙ ሰዎች ምክሩንም መድኃኒቱንም ይካፈላሉና። ዋጋ ግን ያስከፍላል። በየቦታው 20 ሰው ቢኖርና በአንድ ቦታ ያሉት ሰዎች የመመሳሰላቸው መጠን (ከ0 እስከ 1) 0.05 ቢሆን፣ የሚያስፈልገው የሰው ብዛት በ1 + (20 − 1) × 0.05 = 1.95 ይባዛል። በሰው ዕጣ ቢሆን 200 ሰው ይበቃ የነበረው ጥናት 390 ይፈልጋል። ይህን ስሌት ረስተው የሚጀምሩ ብዙ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ «ልዩነት አልተገኘም» ብለው ይዘጋሉ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የምትኖር እህቴ የኩላሊት ውጤቷ በአዲስ ቀመር ተሰልቶ ዝቅ አለ። ባሰባት ማለት ነው?

መልስ፦ በቀመሩ ለውጥ ብቻም ሊሆን ስለሚችል የክሬአቲኒን ቁጥሯን ከቀድሞው ጋር አስተያዩ። የኩላሊትን የማጣራት አቅም ከክሬአቲኒን ለመገመት በስፋት ሲሠራበት የነበረው የ2009 ቀመር ለጥቁሮች ውጤቱን በ1.159 ያበዛ ነበር፤ በ2021 የወጣው ይህን አስቀርቷል። ነገሩ የወረቀት ጨዋታ አልነበረም። በአሜሪካ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ተራ መቆጠር የሚጀምረው ይህ ውጤት 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ 18 የሆነ ውጤት በ1.159 ሲባዛ 20.9 ይሆናል፣ ሰውየውም ተራ ሳይያዝለት ይቀራል። በዚህ ምክንያት ጊዜ ያለፈባቸው ጥቁር ታማሚዎች የተራ ቀናቸው እንዲስተካከልላቸው የንቅለ ተከላ ማዕከላት ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ግዴታ አለባቸው። እህትዎ ተራ ላይ ካሉ ወይም ሊገቡ ከሆነ ይህንኑ ለማዕከሉ ያንሱ።

ጥያቄ፦ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። 200 ሰው መዝግበን በስድስተኛው ወር 120 መጡ፣ የ90ዎቹ ግፊት ተስተካክሏል። 75 በመቶ ብለን ሪፖርት አደረግን፤ አለቃዬ አልተቀበሉትም።

መልስ፦ አለቃዎ ልክ ናቸው። አካፋዩ 200 ነው፤ ውጤቱም 45 በመቶ። ያልመጡት 80 ሰዎች ከመጡት ጋር ይመሳሰላሉ ብሎ መገመት አይቻልም፤ ብዙውን ጊዜ ሩቅ የሚኖሩት፣ የቀን ሥራ ያላቸውና መድኃኒት መግዣ ያጡት እነሱ ናቸው። በሌላ አነጋገር ፕሮግራሙ የተቋቋመላቸው ሰዎች። የጠፋን ሰው ግፊቱ እንዳልተስተካከለ ቁጠሩት፤ «ቀርቷል» የሚል የራሱ ዓምድም ይኑረው።

ዓምዱ ጠቃሚ የሚሆነው ምክንያት ሲጻፍበት ነው። ቀጠሮ ያለፈውን ሰው በሳምንት ውስጥ ደውላችሁ ጠይቁና ከአምስት መልሶች አንዱን ምረጡ፦ ርቀት፣ ገንዘብ፣ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት፣ «ደህና ነኝ» ማለት፣ መኖሪያ መቀየር። ሲመዘገብ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላ ቤተሰቡንም ስልክ ያዙ። ርቀት ከበዛ ግፊታቸው ለተስተካከለው የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ ስጡ። እግር ማበጥ ከበዛ (አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት በሚወስዱ ላይ የተለመደ ነው) ባለሙያው መጠኑን ወይም መድኃኒቱን እንዲቀይር መመሪያው ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። «ደህና ነኝ» ለሚለው ግን ስልክ አይበቃም፤ መለኪያ ይዞ ቤቱ ድረስ የሚሄድ ሰው መድቡ።