የቤተ ማርያም መስኮት፣ የሽሮ ሜዳ ጥለትና ሌሎች ጥያቄዎች

በእጃችሁ ጌጣጌጥ ከምትሠሩ አንባቢዎች ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለገና ላሊበላ እሄዳለሁ። የምሠራው ጉትቻ ነው። የመስቀል ቅርጽ ግን ሁሉም ሰው ይሠራል። እዚያ ሄጄ ምን ልይ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የቤተ ማርያምን መስኮቶች እዪ። መስቀላቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዱ ክንዶች እኩል ናቸው፣ የሌላው የታችኛው ክንድ ይረዝማል፣ ጫፉ የታጠፈም አለ። መስቀሉን የሚሠራው ከድንጋዩ ተፈልፍሎ የወጣው ክፍተት ነው። አንቺም ከስስ የብር ዝርግ ላይ መስቀሉን ቆርጠሽ አውጪና ቀዳዳውን ተዪው። ጉትቻው ሲወዛወዝ በቀዳዳው የለባሿ አንገት ብልጭ ይላል። ያ ከማንም የተቀዳ አይሆንም።

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ አያስቆምም። ከቻልሽ ሁለት ቀን ቆዪ። ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺና አንዱን መስኮት በእርሳስ ሳዪው። እኔ ፎቶ ያነሳኋቸውን ረስቻለሁ፤ የሳልኩትን ግን እጄ ዛሬም ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ የለኝም። ከአዲስ አበባ ሳልወጣ መነሻ ሐሳብ አገኛለሁ? (የዶቃ አምባር ሠሪ)

መልስ፦ በደንብ! ሽሮ ሜዳ ሂድና የነጠላ ጥለት ጠጋ ብለህ እይ። ከሩቅ ሰያፍ የሚመስለው መስመር ከቅርብ ደረጃ ደረጃ ነው። ድርና ማግ ቀጥ ብለው ስለሚሻገሩ ሌላ መንገድ የለውም። በረድፍ የሚሰፋ ዶቃም ልክ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ያዝና ጥለቱን እየቆጠርክ በቀለም ሙላ፤ አንድ ካሬ አንድ ዶቃ። ሸማኔ ካገኘህ ጥለቱን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቀው። አምባርህንም ስትሸጥ በዚያው ስም ጥራው፤ የሙያው ባለቤት እሱ ነው።

ስድስት ኪሎ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም አትለፈው። የመስቀል ስብስቡ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ወሎ ሄጄ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ገዛሁ። እቤት ሳጥበው ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ሆነ። ተሸወድኩ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይዞሽ፣ ይሄ ብቻውን የውሸት ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ወሎ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ውኃ ሲገባበት ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጪውና ቀናት ጠብቂ። ፀሐይና ምድጃ አይንካው፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቅባትና ሽቶም ይጠጣል፤ ለገዢዎችሽ ይህን ንገሪ።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩትን ማርትሬዛ (የድሮ የብር ሳንቲም) አቅልጬ ቀለበት ላሠራው? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ እባክሽ አታቅልጪው! እርግጥ አንጥረኞቻችን ድሮ ጌጥና መስቀል የሚሠሩት ማርትሬዛ እያቀለጡ ነበር። አብዛኛው 1780 የሚል ዓመት ቢኖረውም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ተመትቷል፤ ስለዚህ ለቀለበት የሚሆን ሌላ ታገኛለሽ። የአያትሽ ግን አንድ ነው። ወደ 28 ግራም ስለሚመዝን ለጆሮ ይከብዳል፣ ለአንገት ግን ልክ ነው። ሳትበሺው ዙሪያውን በብር ሽቦ አሳቅፈሽ አንጠልጥዪው። ማንጠልጠያ ተበይዶበት ከሆነም አትንቀዪው፤ አያትሽ አንገታቸው ላይ ያደረጉት በእሱ ነው።