የትኛው ካርኖ?

ልጆቼ፣

ኢንጂነሪንግ የምትማሩም ሆናችሁ ተመርቃችሁ ፋብሪካና ሳይት ላይ የምትደክሙ፣ ካርኖ የሚለውን ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ማታ ማታ ቴርሞዳይናሚክስ (ሙቀት እንዴት ወደ ሥራ እንደሚለወጥ የሚያጠናውን ትምህርት) ባስተማርኩባቸው ዓመታት በፈተናው መጨረሻ ላይ «ሳዲ ካርኖ ማን ነው?» የምትል የማርክ ማሟያ ጥያቄ አስገባ ነበር። «የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበረና በሰው እጅ የተገደለ» ብሎ የሚጽፍልኝ ተማሪ አይጠፋም። ማርኩን እሰጠዋለሁ። ሳዲ ካርኖ የሚባል ፕሬዚዳንት በእርግጥ ነበረ፤ በእርግጥም ተገድሏል። እኛ ቀመሩን የምንጠቀምበት ሳዲ ካርኖ ግን አጎቱ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሲወለድ አጎትየው ከሞተ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለዚህ ቤተሰብ ደጋግሜ አነባለሁ። የአንድ ሰው ሥራ ለሌላው እንዴት እንደሚደርስ፣ እንዴትስ መንገድ ላይ እንደሚቀር የካርኖዎችን ያህል ያሳየኝ የለም። የምጽፍላችሁም በዚሁ ምክንያት ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ከአባትየው ልጀምር። ላዛር ካርኖ በ1753 ቡርጎኝ ውስጥ ኖሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የጦር መሐንዲስ ነበር። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ አባል ሆኖ የሠራዊቱን ምልመላ፣ ስንቅና ዘመቻ መራ፤ «የድል አደራጅ» የሚለው ስም የወጣለት በዚህ ነው። ንጉሡ እንዲገደል ድምፅ ሰጥቷል። በኋላ ናፖሊዮን ንጉሠ ነገሥት ልሁን ሲል ደግሞ ተቃውሟል። የቡርቦን ነገሥታት ሲመለሱ ተሰደደና በ1823 ማግደቡርግ፣ ጀርመን አገር ሞተ። ፖለቲካውን ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ፤ እጁ ከደም የነጻ ነበር የሚለኝ ካለ ግን አልቀበለውም።

እኔን የሚመለከተኝ ላዛር በ1783 ስለ ማሽኖች ያሳተመው ድርሰት ነው። የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ውኃው መዘውሩን እየመታ ሲረጭና አረፋ ሲደፍቅ ወፍጮው በርትቶ የሚሠራ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ኃይሉ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው። ላዛር ውኃው ሳይጋጭ ይግባ፣ ሲወጣም ፍጥነቱን ጨርሶ ይውጣ አለ። ምርጡ ማሽን ግጭት የሌለበት ማሽን ነው ማለቱ ነው።

በ1796 የተወለደውን የበኩር ልጁን ሳዲ አለው። ላዛር የሺራዙን የፋርስ ባለ ቅኔ ሳዲን ይወድ ነበርና ስሙን ከዚያ ወሰደ። ልጁ በ16 ዓመቱ ኤኮል ፖሊቴክኒክ የተባለው የፓሪስ የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ፣ መኮንንም ሆነ። የስደተኛ ልጅ ስለነበር በጦሩ ውስጥ ዕድገት አላገኘም፤ ግማሽ ደሞዝ እየተከፈለው ፓሪስ ተቀመጠና በፋብሪካዎችና በሕዝብ ትምህርት አዳራሾች ጊዜውን ማሳለፍ ጀመረ። በ1821 አባቱን ለመጠየቅ ማግደቡርግ ሄደ። ከዚያ ሲመለስ ሐሳቡ ሁሉ የእንፋሎት ሞተር ላይ ነበር።

በዚያ ዘመን እንግሊዞች የእንፋሎት ሞተርን በእጅ ሙያና በልምድ እያሻሻሉ ርቀው ሄደው ነበር። መሐንዲሱ ሁሉ የሚጠይቀው «ይህን ሞተር እንዴት ላሻሽለው?» ነው። በእንፋሎት ፋንታ የአልኮል ተን ወይም አየር ብንጠቀም ይሻል ይሆን የሚልም ክርክር ነበር። ሳዲ ግን ሌላ ጥያቄ አነሣ፦ መሻሻሉ መጨረሻ አለው ወይ? ካለውስ መጨረሻውን የሚወስነው ምንድን ነው?

መልሱን ያገኘው ከአባቱ መዘውር ነው። ውኃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ሲወርድ ሥራ እንደሚሠራ፣ ሙቀትም ከትኩሱ ወደ ቀዝቃዛው ሲወርድ ሥራ ይሠራል አለ። ትኩስና ቀዝቃዛ አካል በቀጥታ ሲነካኩ ሙቀቱ ያለ ሥራ ይፈስሳል፤ ይህ አባቱ የጠላው ግጭት ነው። ስለዚህ ምርጡ ሞተር እንዲህ ያለ መነካካት የሌለበት ነው፤ አቅሙንም የሚወስነው የሁለቱ ጫፎች የሙቀት መጠን (ቴምፕሬቸር) ብቻ ነው። በውስጡ የሚዘዋወረው ውኃ ይሁን አየር ይሁን አልኮል ለውጥ አያመጣም። ይህን ሲጽፍ ሙቀት የማይጠፋ ፈሳሽ ነገር ነው የሚለውን የዘመኑን እምነት ይዞ ነበር። እምነቱ ስሕተት ነው፤ ድምዳሜው ግን እስከ ዛሬ የነቀነቀው የለም።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። አንድ የፋብሪካ ባለቤት አስጠራኝ። 95 ዲግሪ ሆኖ ወደ ቦይ የሚደፋ ሙቅ ውኃ አለው፤ አንድ ሻጭ ከዚያ ሙቀት 35 በመቶውን ወደ መብራት የሚለውጥ ማሽን አቀርባለሁ ብሎታል። ካታሎጉ የሚያብረቀርቅ ነው፣ ፕሮፎርማውም ተዘጋጅቷል። ካልኩሌተር አላስፈለገኝም። በዚህ ስሌት ዲግሪው የሚቆጠረው ከፍጹም ዜሮ፣ ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ ጀምሮ ስለሆነ 95 ላይ 273 ስትደምሩ 368 ነው። ማቀዝቀዣው 25 ዲግሪ ቢሆን 298። ልዩነቱን 70ን ለ368 አካፍሉ፤ 19 በመቶ። ካርኖ ራሱ ከመቃብር ተነሥቶ ማሽኑን ቢሠራው ከ19 በመቶ አያልፍም፤ በእውነተኛ ማሽን ደግሞ የዚያ ግማሽ ከተገኘም ተመስገን ነው። ሻጩን ስለ 19ኙ ብንጠይቀው ስለ ጀርመን ጥራት ማስረዳት ጀመረ። ማሽኑ አልተገዛም። እናንተም ካታሎግ ከመግለጣችሁ በፊት ጣሪያውን አስሉ። ሁለት ቴርሞሜትርና አንድ ማካፈል በቂ ነው።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ሳዲ ይህን ሐሳቡን የያዘውን መጽሐፍ በ1824 በራሱ ወጪ አሳተመ። 118 ገጽ፣ 600 ቅጂ። ከሙያው ውጭ ያለ ሰው እንዲረዳው ስለፈለገ ረቂቁን ለታናሽ ወንድሙ ለኢፖሊት ሰጥቶ እንዲያነብ ያደርገው ነበር፤ ሂሳቡንም ወደ ግርጌ ማስታወሻ አወረደው። ለሳይንስ አካዳሚው ቀረበ፣ በጎ አስተያየትም ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ዝም ተባለ። የተቃወመውም የተጠቀመበትም የለም። ትችት ይሻል ነበር እላለሁ፤ ትችት ቢያንስ አንባቢ እንዳለ ያሳያል። በ1832 ሳዲ ታሞ ሳለ ኮሌራ ፓሪስን መታ፣ እሱም በ36 ዓመቱ ሞተ። በወረርሽኙ ሕግ ምክንያት ዕቃው ከነወረቀቱ አብዛኛው ተቃጠለ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ያስቀጠለው ኤሚል ክላፔሮን የሚባል መሐንዲስ ነው። እሱም የፖሊቴክኒክ ልጅ፣ በኋላም የባቡር ሰው ነው። መጽሐፉን አነበበና በ1834 ሐሳቡን በሂሳብ ጻፈው፤ ግፊትንና ይዘትን በሁለት መስመር ላይ አስቀምጦም ሥዕሉን ሣለ። በመማሪያ መጽሐፋችሁ ላይ ያለችው የተንጋደደች ባለ አራት ጎን ሥዕል የእሱ ናት። ሳዲ እንዲህ ዓይነት ሥዕል አልሣለም። ክላፔሮን የራሱ አዲስ ግኝት ነው አላለም፣ የሳዲንም ስም አልደበቀም። የሰው ሥራ ወስዶ፣ የሚነበብበት መልክ ሰጥቶ፣ ባለቤቱን የሚጠራ ሰው በየሙያው ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ በመሥሪያ ቤት የኖረ ያውቀዋል።

በ1845 ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ወጣት ሆኖ ለትምህርት ፓሪስ መጣ። የክላፔሮንን ጽሑፍ አንብቦ ዋናውን መጽሐፍ ፈለገ። መጻሕፍት ሻጮቹን አንድ በአንድ ዞረ። ስሙን ሲጠራ «ር»ዋ በእንግሊዝኛ አፉ ተውጣ ስለምትቀር ሻጩ «ካይኖ? አላውቀውም» ይለዋል። እንደ ምንም ብሎ «ር»ዋን ሲያጠብቃት «አሃ! ካርርርኖ!» ይልና ደስ ብሎት መጽሐፍ ያወጣለታል፤ ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ የተጻፈ የኢፖሊት ካርኖ መጽሐፍ! ወንድምየው በዚያን ጊዜ የታወቀ ፖለቲከኛ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ በ1848 የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነጻና ግዴታ ይሁን የሚል ሕግ ያረቀቀው እሱ ነው። ቶምሰን የሳዲን መጽሐፍ በእጁ ያስገባው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሰው ክላውሲየስም በ1850 የቴርሞዳይናሚክስን ሁለተኛ ሕግ (ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛው ወደ ትኩሱ አይሄድም የሚለውን) ሲጽፍ ዋናውን ማግኘት አልቻልኩም ብሎ በክላፔሮንና በቶምሰን በኩል ነው የሠራው። 600 ቅጂ በታተመበት ከተማ አንድ ቅጂ ታጣ!

በዚህ ላይ ልጨምርላችሁ። ኢፖሊት ከእሳት የተረፉትን የወንድሙን ማስታወሻዎች ይዞ ቆይቶ በ1878 ለአካዳሚው አስረከበ። ሲገለጡ ሳዲ ሙቀት ፈሳሽ ነው የሚለውን እምነት ትቶት ነበር። ሙቀትና ሥራ አንዱ ወደ ሌላው እንደሚለወጥ ጽፏል፣ የምንዛሬውን ልክም አስልቷል። ማየርና ጁል ይህን ያወጁት በ1840ዎቹ ነው። ሳዲ በትንሹ አሥር ዓመት ቀድሟቸው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል። ኢፖሊትን መውቀስ ይቀለን ይሆናል፣ 46 ዓመት ይዞት ተቀመጠ ብለን። እኔ ግን ባያስቀምጠው ኖሮ ምንም ባልቀረን እላለሁ፤ ደግሞም የፊዚክስ ሰው አልነበረም።

የኢፖሊት ልጆች ሁለት ናቸው። ማሪ ፍራንሷ ሳዲ የድልድይና የመንገድ መሐንዲስ ሆኖ ጀመረ፤ በ1887 ፕሬዚዳንት ሆነ። ከእሱ በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት አማቹ ኒሻን ሲሸጥ ተገኝቶ በቅሌት ስለወረደ ንጹሕ ሰው ተፈልጎ ነበር፤ የአያቱ ስምም እንዳገዘው ግልጽ ነው። በሰኔ 1894 ሊዮን ከተማ ላይ አንድ ጣሊያናዊ አናርኪስት በጩቤ ወግቶ ገደለው። በፈረንሳይ ከተሞች ሳዲ ካርኖ የሚል የመንገድ ስም ብታዩ በአብዛኛው እሱን ማለት ነው። ወንድሙ አዶልፍ የማዕድን ኬሚስት ነበር፤ ካርኖታይት የተባለው ዩራኒየም ያለበት ቢጫ ማዕድን በ1899 በእሱ ስም ተጠራ። በ1921 አሜሪካውያን ለማሪ ኩሪ የሰጧት አንድ ግራም ራዲየም የወጣው ከኮሎራዶ ካርኖታይት ነው።

ኤፍል ማማ በ1889 ሲመረቅ ፕሬዚዳንቱ ይኸው ማሪ ፍራንሷ ሳዲ ነበር። በማማው ዙሪያ የ72 ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ስም ተቀርጿል፤ ካርኖ የሚልም አለ። አያቱ ላዛር ነው። ክላፔሮንም አለ። የሙቀቱ ሳዲ የለም።

እንግዲህ ምን አድርጉ ልበላችሁ? ስም ፈልጉ አልላችሁም፤ ሳዲ ከታዋቂ ቤተሰብ ተወልዶም ስሙ አልረዳውም፣ እንዲያውም ቶምሰንን ወደ ወንድሙ መጽሐፍ መራው። የምላችሁ ሥራችሁ በሌላ ሰው እጅ እንዲገባ ተጨነቁ ነው። ሩዶልፍ ዲዝልን አስቡት። ሙኒክ ውስጥ ተማሪ ሳለ ፕሮፌሰር ሊንደ ስለ ካርኖ ሳይክል፣ ማለትም ስለዚያ ምርጥ ሞተር ዑደት፣ ሲያስተምር ሰማ። የዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች ከነዳጁ ሙቀት አሥር በመቶውን ያህል እንኳ ወደ ሥራ እንደማይለውጡ ሲረዳ ወደ ጣሪያው ልጠጋ ብሎ ተነሣ፤ በ1897 ሞተሩ ሲፈተን 26 በመቶ ደረሰ። ዛሬ በጅቡቲ መስመር የሚያጓራው ተሳቢ የዚያ ሞተር ዘር ነው። በሳዲና በዲዝል መካከል ክላፔሮን፣ ቶምሰን፣ ክላውሲየስና ሊንደ አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ እንጃ።

እኛ አገር ይህ ሰንሰለት የሚበጠስበትን ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሠላሳ ዓመት አንድ ቦይለር ያንቀሳቀሰ ቴክኒሻን ጡረታ ሲወጣ ኬክ ይቆረስለታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በማግስቱ ማሽኑ ይቆማል። የትኛው ቫልቭ በስንት ዙር እንደሚከፈት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወጣት ሆናችሁ ገና ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉና አጠገቡ ተቀመጡ። የሚናገረውን ጻፉ፣ ሥዕሉን ሣሉ፣ ቀኑንና ስሙን ከነአባቱ አስፍሩ፣ ለራሱም አንብቡለት። «ይህማ የእኔ ሥራ ነው» ብሎ የሚቆጣ ይኖራል፤ ሰነዱ ላይ ስሙን መጀመሪያ ሲያየው ይበርዳል። የራሳችሁንም ስሌት ሞባይል ውስጥ ብቻ አትተዉት። ሙያችሁን ለማያውቅ ወንድም ወይም እኅት አስነብቡት፤ እነሱ የተደናቀፉበት ዐረፍተ ነገር እንደገና መጻፍ አለበት።

የሳዲን መጽሐፍ ማንበብ የምትፈልጉ አትፍሩት። ቀጭን ነው፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም በቀላሉ ይገኛል፣ ዋናው ጽሑፍ በቃላት የተጻፈ ነው። የክላፔሮንን ሥዕል አጠገባችሁ ዘርግታችሁ አንብቡት፤ የግርጌውን ሂሳብ በመጀመሪያው ንባብ እለፉት። ከዚያ የምትሠሩበትን ማሽን የትኩሱንና የቀዝቃዛውን ጫፍ ሙቀት ለክታችሁ ጣሪያውን አውጡ፣ ቁጥሩንም በሎግ ቡኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ከእናንተ በኋላ በፈረቃው የሚመጣው ልጅ ያገኘዋል።