ጌኮዬ ለምን መብላት አቆመ? የአንባቢዎች ጥያቄና የእኛ መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው፤ የሚያወሩትም ስለ ነብርማ ጌኮ ነው። ይህ ቢጫ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት እንሽላሊት የትውልድ ቦታው የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅና ድንጋያማ ምድር ነው። ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች፣ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ከታች የምታነቧቸው ችግሮች ሲመረመሩ አንዳንዶቹ ወደ ብርድና እርጥበት ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ከውጭ የመጡልኝ ወንድና ሴት ጌኮዎች አንድ የመስተዋት ሳጥን ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ቀን 60 ዋት አምፖል አበራላቸዋለሁ፤ ማታ አጠፋዋለሁ። ሴቷ መብላት ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆናት፤ ጅራቷም እየቀጠነ ነው። (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሙቀቱን ይለኩ። ጌኮ የበላውን የሚፈጨው ከውጭ ባገኘው ሙቀት ነው። ሆዱ ካልሞቀ ምግብ ይተዋል፤ በልቶ ከበረደው ደግሞ የዋጠው ነፍሳት ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና መልሶ ይተፋዋል። የሳጥኑ አንድ ጫፍ ወለሉ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ፣ ሌላኛው ጫፍ ከ23 እስከ 26 ዲግሪ መሆን አለበት። ሌሊት እስከ 20 ቢወርድ ጤነኛ ጌኮ ይችለዋል። በጅማ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ሲጠራ የውጪው አየር ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል፤ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ከሆነ ክፍሉም አብሮ ይበርዳል። ቴርሞሜትሩን የሳጥኑ ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ከሆነ ያንሱት፤ ጌኮዋ በሆዷ የምትተኛበት ወለል ላይ ይቀመጥ።

ሙሉ መስተዋት ሙቀት ስለማይዝ ለጅማ አንመክረውም። 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድና 45 ቁመት ያለው የኮምፔንሳቶ ሳጥን ያሠሩ፤ መስተዋት የሚሆነው የፊቱ ብቻ ነው። የጅማ አናጺ ለዚህ አያንስም። በአንዱ ጎን ዝቅ ብሎ፣ በሌላው ጎን ከፍ ብሎ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ የአየር ቀዳዳ ይኑረው። ቫርኒሽ ከተቀባ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ባዶውን ይቆይ።

ለማሞቂያ ከወለሉ ሲሶውን የሚሸፍን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ ከቴርሞስታት (ሙቀቱ የተፈለገው ላይ ሲደርስ ራሱ ከሚያጠፋ መሣሪያ) ጋር ይበቃል። እንጨት ሙቀት ስለማያሳልፍ ምንጣፉ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከሴራሚክ ንጣፍ ሥር ይዘረጋል፤ የቴርሞስታቱ ሽቦ ጫፍ ደግሞ ንጣፉ ላይ ይለጠፋል። ያለ ቴርሞስታት ምንጣፉን አይሰኩ። ጌኮ ከሥሩ የሚመጣውን ቃጠሎ ሳይሸሽ ቆዳው ሊላጥ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተው በጨርቅ ይጠቅልሉና ሞቃቱ ጫፍ ላይ ያኑሩ፤ ሳጥኑን የአየር ቀዳዳዎቹን ሳይደፍኑ በብርድ ልብስ ያልብሱ። በየሁለት ሰዓቱ ውሃውን ይለውጡ። የከሰል ምድጃ ክፍሉ ውስጥ ማስገባት ግን ለጌኮውም ለቤተሰቡም የጭስ መርዝ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን አያብሏቸው። ጅራታቸው የስብ ጎተራ ስለሆነ የጠገበ ትልቅ ጌኮ ሳምንታት ይጾማል።

ሌላው ጉዳይ አብሮ መኖራቸው ነው። ወንዱ ያሳድዳታል፣ ሞቃቱን ቦታም ይይዝባታል፤ ዛሬውኑ ይለዩአቸው። ሙቀቱ ተስተካክሎ በሁለት ሳምንት ውስጥ መብላት ካልጀመረች ትኩስ ሰገራዋን በንጹሕ ዕቃ ይዘው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ለጥገኛ ተውሳክ ምርመራ ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ የቡና ገለፈት እዚህ በነጻ ይገኛል። ለወለል ባነጥፈውስ? (ከአጋሮ)

መልስ፦ አይሆንም። ገለፈቱ ካፌይን አለው፣ ጌኮው ነፍሳት ሲይዝ አብሮ ይውጠዋል፣ በክረምት ደግሞ በጥቂት ቀን ይሻግታል። አሸዋም ለግልገል ጌኮ አንጀት ይደፍናል። ሴራሚክ ያንጥፉ፤ ለግልገሎች ሶፍት ይበቃል። የተሰበረ ማሰሮ ገል ተገልብጦ ጥሩ መደበቂያ ይሆናል።

እርጥበት የሚፈለገው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ክዳኑ ላይ ጌኮውን የሚያስገባ ቀዳዳ የተበጀለት ምሳ ዕቃ ውስጥ፣ በተጨመቀ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ። ጌኮው ቆዳ ሲቀይር እዚያ ይገባል። ደረቅ ቆዳ ጣቱ ላይ ከቀረ እንደ ክር አንቆ ደም ያግድና ጣቱን ያስቆርጣል። እንዲህ ሲሆን ለብ ባለ ውሃ (28 እስከ 30 ዲግሪ) እግሩን ብቻ እስከ ሩብ ሰዓት ይዘፍዝፉና በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ቀስ አድርገው ያንከባልሉት፤ በጥፍር አይጎትቱት።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከጫት ማሳ ዳር ፌንጣ እየያዙ ያበሉታል። የአራት ወር ጌኮ ነው፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሄድም ሆዱ መሬት ይነካል። (ከጂሬን)

መልስ፦ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አጣዳፊ ነው። ጫት ላይ ፀረ ተባይ ይረጫል፤ መርዙን የበላ ፌንጣ ጌኮውንም ያንቀጠቅጣል። ከዛሬ ጀምሮ ከማሳ የተያዘ ነፍሳት ይቅር፤ የቤት በረሮም እንዲሁ። ለወባ መከላከያ ቤት ሲረጭ ወይም ፍሊት ስትነፉ ሳጥኑን ከነጌኮው ወደ ሌላ ቤት አውጡት፤ ግድግዳው እስኪደርቅና ክፍሉ እስኪናፈስ አትመልሱት።

ሁለተኛው፣ እኛም ይበልጥ የምንጠረጥረው፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ3 እጥረት ነው። ፌንጣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ አካሉ ከራሱ አጥንት ይበደራል፤ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል። መንጋጋውን በጣትዎ ጫፍ ቀስ ብለው ይንኩት፤ እንደ ላስቲክ ከተጣጠፈ ሐኪም ያስፈልገዋል፣ በቤት ዱቄት ብቻ አይመለስም።

ለመከላከል ግን የእንቁላል ቅርፊት አሥር ደቂቃ ቀቅለው፣ አድርቀው፣ ሙቀጫ ውስጥ እንደ በርበሬ አድቅቀው በጨርቅ ይንፉት። ነፍሳቱን ፌስታል ውስጥ ከቁንጥጫ ዱቄት ጋር ነቅንቀው ይስጡ፤ ለግልገል በየምግቡ፣ ለትልቅ አንድ ምግብ እየዘለሉ። ዲ3 ያለበት ዱቄት ከተገኘ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ሲበዛ ይጎዳል። ካልተገኘ ጠዋት በፀሐይ 15 ደቂቃ፣ ግማሹ ጥላ በሆነ ሰፌድ ወይም ሳፋ ውስጥ፣ ሰው አጠገቡ ቁሞ። በመስተዋት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይሠራም፤ መስተዋቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል፣ ጌኮውንም ይቀቅለዋል።

ምግቡን ቤት ማራባት ይሻላል። ሳፋ ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ፉርሽካ፣ በላዩ ቁራጭ ካሮት፣ የዱቄት ትልና ጥንዚዛዋ፤ በ25 ዲግሪ ገደማ ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። የትሉ ወርድ በጌኮው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት አይብለጥ። ግልገል በየቀኑ፣ ትልቅ በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ ይበላል።

ጥያቄ፦ ጌኮዬ ሁለት እንቁላል ጣለች። አፈር ውስጥ ቀብሬ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አኖርኳቸው። በአሥር ቀን ተሰርጉደው ሻገቱ። (ከሄርማታ)

መልስ፦ እንቁላሎቹ መጀመሪያውኑ ፅንስ ነበራቸው ወይ? ያለ ወንድም እንቁላል ትጥላለች። ፅንስ ያለው ነጭና ጠንከር ያለ ነው፤ የሌለው ቢጫ፣ ለስላሳና በቶሎ የሚሻግት። ከሳምንት በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ ባትሪ ከሥሩ ሲያበሩ ቀይ የደም ሥሮች ካዩ ሕይወት አለው። መስኮት ግን የትኛውንም እንቁላል ይገድላል፤ ቀን ከ35 ያልፋል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ አፈሩም ይደርቃል።

ከማዳቀልዎ በፊት ሴቷን በኩሽና ሚዛን ይመዝኑ። ከ45 ግራም በታች ከሆነች ወይም ዓመት ካልሞላት አያዳቅሏት፤ አንድ ጊዜ የተዳቀለች ሴት በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ሁለት ሁለት እንቁላል ለወራት ስለምትጥል ካልሲየሟ ይሟጠጣል። ወንዱ በጅራቱ ሥር ሁለት እብጠት፣ ከኋላ እግሮቹ መካከልም በቀስት ቅርጽ የተደረደሩ ሰም መሰል ነጥቦች አሉት። ሁለት ወንዶች አንድ ላይ ከዋሉ ይቦጫጨቃሉ።

መፈልፈያው ቀላል ነው። ክዳን ያለው የፎም ሳጥን ውስጥ ስምንት ሴንቲ ሜትር ውሃና 50 ዋት የዓሣ ገንዳ ማሞቂያ ያስገቡ፤ ማሞቂያው ከውሃው ሥር ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ። ከውሃው በላይ የሚወጣ ጡብ ያኑሩና እንቁላሎቹ ያሉበትን ትንሽ ምሳ ዕቃ እሱ ላይ ያስቀምጡ። ከእንቁላሎቹ ሥር ቨርሚኩላይት (ውሃ የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) ከእኩል ክብደት ውሃ ጋር ይደባለቅ፤ ከጠፋ በደንብ የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ ሲጨብጡት የሚይዝ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ። እንቁላሉን ግማሹን ብቻ ይቅበሩ፤ ሲያነሱት የላይኛው ጎን ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና እንዳይገለብጡት ይጠንቀቁ። ምሳ ዕቃው አናት ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ይብቃው። የክዳኑ ጠል እንቁላሉ ላይ እንዳይንጠባጠብ ሳጥኑን በአንድ በኩል ከፍ ያድርጉት።

የነብርማ ጌኮ ጾታ የሚወሰነው በመፈልፈያው ሙቀት ነው። በ26 ዲግሪ ሁሉም ማለት ይቻላል ሴት፣ በ32 ተኩል አብዛኞቹ ወንድ፣ ወደ 34 ሲጠጋ እንደገና ሴት ይሆናሉ፤ የመጨረሻዎቹ ግን ቁጡና ለመራባት የማይመቹ ናቸው። እኛ 27ን እንመርጣለን፦ ማሞቂያው ብዙ አይደክምም፣ ሴቶችን ማኖርም ይቀላል። በዚህ ሙቀት ከ50 እስከ 65 ቀን ይፈጃል። መብራት ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓት ወደ 22 ቢወርድ ፅንሱ አይሞትም፤ ፎሙን እንዳይከፍቱ ብቻ።

የተፈለፈለው ጌኮ ሦስት ግራም ያህል ነው። የመጀመሪያ ቆዳውን እስኪቀይር ድረስ ምግብ አይነካም፤ ሆዱ ውስጥ የቀረው አስኳል ይበቃዋል። እያንዳንዱን ለየብቻ ያኑሩ፤ አብረው ከሆኑ ጅራት ይነካከሳሉ።

ጥያቄ፦ ማታ አምፖል ሥር ግድግዳ ላይ የሚያድኑትን ጌኮዎች ይዤ ከነብርማው ጋር ባኖርስ? (ከአጂፕ)

መልስ፦ ይተዉአቸው። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ተከልክሏል። ከዚያ በላይ ግድግዳው ላይ ያለው ጌኮ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይገባል፤ ነብርማው ከበለጠውም ይውጠዋል። ነብርማው ጣቱ ላይ መጣበቂያ ስለሌለው መስተዋት አይወጣም፤ የግድግዳው ጌኮ ግን በጠባቧ የክዳን ክፍተት ሾልኮ ያመልጣል። ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሁለቱም ይይዛሉና ከነኩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የውሃ ሳህናቸውም ከቤት ዕቃ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ።