የጥምቀቱ ፎቶ ይከፈታል፣ የሰርጉ እምቢ ይላል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እኔና ወንድሜ ቤት ውስጥ የፎቶ ሥራ እንሠራለን፤ እሱ ያነሳል፣ እኔ በላፕቶፔ አስተካክላለሁ። ፎቶዎቹ ያሉት የሱ ዴስክቶፕ ላይ፣ ሼር በተደረገ አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ለእኔም እዚያው የራሴን ዩዘርና ፓስወርድ ከፍቶልኛል። የጥምቀት ፎቶዎች በሙሉ ይከፈቱልኛል፤ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያሉት የሰርግ ፎቶዎች ግን «አክሰስ ዲናይድ» ይሉኛል። ራውተሩን አጥፍተን አበራን፣ ሼሩ ላይ ለ«ኤቭሪዋን» ሙሉ ፈቃድ ሰጠን፣ ወይ ፍንክች። ሙሽሮቹ ደግሞ በየቀኑ እየደወሉ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ራውተሩን ተዪው፣ እሱ ምንም አላጠፋም። የጥምቀቱ ፎቶ ከተከፈተልሽ ዋይፋዩም ፓስወርድሽም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። (እኔም አንድ ሌሊት ሙሉ ራውተር ሳጠፋ ሳበራ አድሬ አውቃለሁ፣ አልፈርድባችሁም።)

ዊንዶውስ ላይ ፈቃድ ሁለት ቦታ ነው የሚታየው። አንደኛው የሼሩ ነው፣ ሁለተኛው ፋይሉ ራሱ ላይ ያለው። በኔትወርክ ስትገቢ ሁለቱም እሺ ማለት አለባቸው፤ አንዱ እምቢ ካለ አለቀ። አንቺ የባሕር ዳር ልጅ ነሽ፣ ይገባሻል፦ ጀልባው ክብራን ገብርኤል ያደርስሻል፣ ገዳሙ ግን ሴት አያስገባም። እናንተ እስካሁን ስትነታረኩ የቆያችሁት ከጀልባው ጋር ነው።

ታዲያ የጥምቀቱ ለምን ተከፈተ? ወንድምሽ ያንን ከካሜራው ሜሞሪ ካርድ በቀጥታ ወደ ፎልደሩ የገለበጠው ይመስለኛል። ከሌላ ድራይቭ የመጣ ፋይል የገባበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። የሰርጉን ግን መጀመሪያ የራሱ ዴስክቶፕ ወይም ፒክቸርስ ላይ አስቀምጦ፣ በኋላ ከት አድርጎ አምጥቶታል ብዬ እወራረዳለሁ። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ከት የተደረገ ፋይል የድሮ ፈቃዱን ይዞ ነው የሚሄደው። የድሮው ፈቃድ ደግሞ የሚያውቀው ወንድምሽን እንጂ አንቺን አይደለም።

እሱ ኮምፒውተር ላይ፣ አድሚን በሆነው ዩዘር ግቡ። የሰርጉን ፎልደር ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ «ሴኩሪቲ» የሚለውን ክፈቱ። ስምሽ ከሌለ «ኤዲት» ብላችሁ ጨምሩትና «ሞዲፋይ» ላይ ምልክት አድርጉ፤ ፎቶ ስለምታስተካክዪ ማንበብ ብቻ አይበቃሽም። ከዚያ «አድቫንስድ» ውስጥ ከታች «ሪፕሌስ ኦል ቻይልድ ኦብጀክት» ብሎ የሚጀምረውን ረጅም ነገር ምረጡና ኦኬ በሉ፣ የውስጦቹም ፎቶዎች አዲሱን ፈቃድ እንዲወርሱ። ፎቶው ብዙ ከሆነ ትንሽ ይቆያል፣ መብራት እንዳይሄድ ብቻ ጸልዩ። አደራ፣ ይህን የሰርጉ ፎልደር ላይ ብቻ ነው፤ ሲ ድራይቭን ሙሉ እንዳትነኩ፣ ዊንዶውሱን ታበላሹታላችሁ።

«ፋየርዎሉን አጥፉት፣ ፓስወርዱንም አንሱት» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። አትስሙት። ፓስወርድ የሌለው ዩዘር እንዲያውም በኔትወርክ አይገባም፣ ዊንዶውስ ራሱ ይከለክለዋል። ኮምፒውተሩን የምትከፍቱበት ፒንም እዚህ አይሠራም፤ የሚጠይቀው ትክክለኛውን ፓስወርድ ነው።

ወንድምሽን ደግሞ ከእንግዲህ ኮፒ አድርግ በዪው፤ መከፈቱን ካየሽ በኋላ የድሮውን ያጥፋ።