ደብተሩ ሞልቷል፤ ልቦለዱ ግን አልተጀመረም

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዚህ ዓምድ አዘጋጆች፣ በአዲስ አበባ በአንድ ባንክ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት የማገለግል የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ፣ አያቴ በቀይ ሽብር ዘመን ደሴ ከተማ ያሳለፈችውን ሕይወት መነሻ ያደረገ ልቦለድ ለመጻፍ ስመኝ ኖሬአለሁ። አያቴን በሕይወት ሳለች ጠይቄ ድምፅዋን ቀድቻለሁ፤ የዘመኑን ጋዜጦች አገላብጫለሁ፤ የማስታወሻ ደብተሮቼ መደርደሪያ ሞልተዋል። በተለይ የአጎቴን መጻሕፍት በምድጃ ያቃጠለችበትን ሌሊት በቃሌ እወጣዋለሁ። ልቦለዱን ግን አልጀመርሁም። በየእንቁጣጣሹ «ዘንድሮስ» እላለሁ፤ ጥር ሲገባ ራሴን መናቅ እጀምራለሁ። አማርኛዬ የደራሲ አማርኛ አይመስለኝም። ታሪኩን ለሰው ባወራው ይሰረቃል ብዬ እፈራለሁ፤ ብጽፈው ደግሞ ዘመዶቼ ራሳቸውን አይተውበት ይቀየሙኛል። ለመጻፍ ስቀመጥ ያልታጠበ ሳህን ትዝ ይለኛል፤ ወይም አንድ ተጨማሪ መጽሐፍ ማንበብ እንዳለብኝ ይሰማኛል። ሥራዬን ብለቅ ይሻል ይሆን? ወይስ ስንፍናዬን አምኜ ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሰነፍ ሰው የዚያን ዘመን ጋዜጣ ሲያገላብጥ አይውልምና በደብዳቤዎ መጨረሻ ለራስዎ የሰጡትን ስም አንቀበለውም። ሥራን ለነገ በማሳደር ልማድ ላይ ለረጅም ጊዜ ምርምር ያደረጉት ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒችል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንዳብራሩት፣ ሰው አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚያዘገየው በአብዛኛው ሥራው የሚቀሰቅስበትን ስሜት፣ ማለትም ሥጋቱን፣ መሰላቸቱንና «አልችለው ይሆን» የሚለውን ጥርጣሬ ለዚያች ሰዓት ለመሸሽ ሲል ነው። ሽሽቱ ወዲያው እፎይታ ይሰጣል፤ እፎይታው ደግሞ በማግስቱ እንደገና መሸሽን ያስተምራል። ሳህኑ ትዝ የሚልዎት እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳህን ማጠብ የታወቀ መጨረሻ አለው፤ ማንም አይተቸውም።

ከሳህኑ ይልቅ እኛን ያሳሰበን ተጨማሪው መጽሐፍ ነው። ሳህን ማጠብ ሽሽት መሆኑን ራስዎም ያውቁታል፤ ንባብ ግን ሥራ ስለሚመስልና ከልቦለዱም ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኅሊና አይወቅስበትም። በእውነተኛ ዘመን ላይ የተመሠረተ ልቦለድ ጥናት እንደሚፈልግ አንክድም፤ በ1969 ዓ.ም. ቀበሌው እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ ሰው ምን ይለብስና በምን ይጓጓዝ እንደነበር ሳያውቅ የጻፈ ሰው ያን ጊዜ የኖረውን አንባቢ ያስቀዋል። ይሁን እንጂ የትኛው መረጃ እንደጎደለ በትክክል የሚታወቀው መጻፍ ሲጀመር ብቻ ነው። አያትዎ ያን ሌሊት ወደ ምድጃው ሲሄዱ ቤቱ መብራት ነበረው ወይስ በኩራዝ ነበር የሚሄዱት? ይህ ጥያቄ በብዕርዎ ጫፍ ሲመጣ ቅንፍ ከፍተው «መብራት፣ ይጣራ» ብለው ይለፉትና ትዕይንቱን ይጨርሱ፤ ከእንግዲህም የሚያነቡት እንዲህ ያሉትን ቅንፎች ለመሙላት ብቻ ይሁን። ጨከናችሁ አይበሉን እንጂ፣ አዲስ ደብተር መግዛትም ለጊዜው ይቅርብዎ።

ስለ አማርኛዎ የጻፉትን ካየን በኋላ ደብዳቤዎን ደግመን አነበብነው። በዘንድሮና በጥር መካከል ያለውን ተስፋና ቁጭት በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር የገለጸ ሰው ቋንቋ ጎደለኝ ሊል አይገባውም። የሆነው ሆኖ፣ ችግሩ የሚመነጨው ገና ያልተጻፈ ገጽዎን ብዙ ጊዜ ተሰርዞ፣ ተደልዞና በአርታዒ እጅ አልፎ ከታተመ መጽሐፍ ጋር ስለሚያወዳድሩት ይመስለናል። ምጣድ ማሟሻ የሆነችውን እንጀራ ለእንግዳ የሚያቀርብ የለም፤ ሳያሟሽ የሚጋግር ባለሙያም የለም። የመጀመሪያው ረቂቅ ሊደጋግም፣ ሊንዛዛ፣ ሰዋስው ሊስት ይችላል፤ ስለ ቋንቋው ውበት መጨነቅ ተገቢ የሚሆነው የሚታረም ነገር ከተገኘ በኋላ ነው። መጻፍንና መፍረድን በአንድ ሰዓት ለመሥራት የሚሞክር ሰው ዘወትር ፈራጁ ይበረታበታል፤ ስለዚህ የጻፉትን ቢያንስ አንድ ትዕይንት እስኪያልቅ ድረስ ወደ ኋላ ተመልሰው እንዳያነቡት እንመክርዎታለን።

ታሪኩ ይሰረቃል የሚለው ሥጋት በአገራችን ጀማሪ ጸሐፊዎች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ሕጉ የሚለውን ማስታወስ ይጠቅማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሐሳብ ጥበቃ አይሰጥም፤ ወጥ የሆነና የተጻፈ ወይም በሌላ መንገድ የተቀረጸ ሥራ ግን ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ፣ ያለ ምንም የምዝገባ ሥርዓት፣ የጥራት ደረጃውም ሳይጠየቅ ጥበቃ ያገኛል። በሌላ አነጋገር፣ ታሪኩ በልብዎ ውስጥ ብቻ እስካለ ድረስ ማንም ቢወስደው የሚሟገቱበት ነገር የለዎትም፤ ከሌባ የሚያስጥልዎ መጻፉ ነው። ሕጉ የሥራውን ጥራት ሳይመለከት መብት መስጠቱን ስናስብ፣ እርስዎ በራስዎ ላይ ከሕግ አውጪው ይልቅ መጥበቅዎ አስገርሞናል።

የዘመዶችዎ ነገር ግን ከሁሉም ከባድ ነው፤ በቀላሉ «አይፍሩ» ብለን አናልፈውም። ይሉኝታ ባለበት ማኅበረሰብ ውስጥ የቤተሰብን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት ዋጋ ያስከፍላል፤ ስለዚያ ዘመን ሲሆን ደግሞ ማን ማንን ጠቆመ፣ ማን ዝም አለ፣ ማን ከማን ቤት ተደበቀ የሚለው ጥያቄ ዛሬም በብዙ ቤቶች ያልሻረ ቁስል ነው። ሆኖም መጻፍና ማሳተም ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። በአገራችን አብዛኛው ደራሲ የኅትመቱን ወጪ ከራሱ ኪስ ከፍሎ፣ ጽሑፉን በራሱ እጅ ወደ ማተሚያ ቤት የሚወስድ በመሆኑ ረቂቅዎ እርስዎ ሳይፈቅዱ ከመሳቢያዎ የሚወጣበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ረቂቅ የሰዎቹን እውነተኛ ስም ተጠቅመው ቢጽፉም እንኳ በሁለተኛው ሁለት አጎቶችን አንድ ሰው ማድረግ፣ መምህሩን ነጋዴ ማድረግ፣ ሰፈሩንም መለወጥ ይችላሉ፤ እንዲህ ያለው ለውጥ ዘመድን ከመሸሸጉም በላይ ሰውዬውን ከትዝታ አውጥቶ የልቦለድ ሰው ያደርገዋል። ከዚህ ጋር አንድ ጥብቅ አስተያየት አለን፤ አያትዎ እርስዎ በቀዱት ድምፅ ውስጥ እገሌ ጠቋሚ ነበረ ያሉ እንደሆነ፣ ያ ሰው መልስ ሊሰጥ በማይችልበት ሁኔታ ስሙንም ሆነ መለያውን መጽሐፉ ውስጥ ማስገባት ተገቢ አይደለም። ከዚህ በተረፈ፣ ረቂቁ ሲያልቅ ከቤተሰቡ መካከል የሚያምኑትን አንድ ታላቅ ሰው መርጠው የሚያሳስብዎትን ክፍል ብቻ ማስነበብ ይበቃል፤ ከዚያ በፊት ለማንም ፈቃድ አይጠይቁ፤ ላልተጻፈ ነገር የሚሰጥ መልስ ሁልጊዜ «ይቅርብሽ» ነውና።

አሁን ወደ አጀማመሩ እንምጣ። ከአንደኛው ምዕራፍ መጀመር ግዴታ አይደለም። በቃልዎ የሚወጡትን፣ መጻሕፍቱ የተቃጠሉበትን ሌሊት በቅድሚያ ይጻፉት፤ በልቦለዱ ውስጥ የት እንደሚገባ በኋላ ይታወቃል። ጊዜውን በተመለከተ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር ያጠኑት ዘዴ ለእርስዎ ተስማሚ ይመስለናል፤ «ዘንድሮ እጽፋለሁ» ከሚል ጥቅል ምኞት ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ ከቦታና ከሰዓት ጋር የታሰረ ዕቅድ የመፈጸም ዕድሉ እንደሚበልጥ ምርምሮቻቸው አሳይተዋል። ለምሳሌ በሰርቪስ የሚመላለሱ ከሆነና ሥራ ከሚጀመርበት 2፡00 ሰዓት ቀድመው የሚደርሱ ከሆነ፣ «ከሰርቪስ እንደወረድሁ፣ ስልኬን ሳልከፍት፣ ጠረጴዛዬ ላይ 20 ደቂቃ እጽፋለሁ» ይበሉ። ሃያ ደቂቃ ማነሱ ሆን ተብሎ ነው፤ ፍርሃት ለሦስት ሰዓት ሥራ የሚያነሣውን ያህል ክርክር ለሃያ ደቂቃ አያነሣም። ሲያቆሙም የሚቀጥለው ምን እንደሆነ እያወቁ ያቁሙ።

አንዳንድ ቀን ሳይጽፉ ይቀራሉ፤ የወር መጨረሻ የሒሳብ መዝጊያ ሲደርስ ሳምንቱ በሙሉ ሊያመልጥዎት ይችላል። ያን ጊዜ ጥር ሲገባ የሚጀምሩትን ራስን መናቅ አይድገሙት። በካናዳ የካርልተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ዘግይተው በመዘጋጀታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ለሚቀጥለው ፈተና ማዘግየታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ራስን መውቀስ ሥራውን ይበልጥ የሚያስፈራ ስለሚያደርገው ውጤቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሥራ ስለመልቀቅ ለጠየቁን፣ ባይለቁ ይሻላል። ሐዲስ ዓለማየሁ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ሲያገለግሉ ኖረው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለኅትመት ያበቁት በ1958 ዓ.ም.፣ ዕድሜያቸው ከሐምሳ ካለፈ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕም የፖስታ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ ከንጋቱ 11፡30 ጀምሮ፣ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ይጽፍ እንደነበር በግለ ታሪኩ ተናግሯል፤ ሥራውን የለቀቀው የመጀመሪያ ልቦለዱ ከታተመ ከ20 ዓመት በኋላ በ1867 እ.ኤ.አ. ነበር። እርግጥ ነው፣ እርሱ በዚያ ሰዓት የሚቀሰቅሰውና ቡና የሚያቀርብለት አሽከር ነበረው፤ እርስዎ ቡናውን ራስዎ ማፍላት ይኖርብዎታል። ደመወዝ ሲቋረጥ መጽሐፉ እንዲያበላዎ ስለሚጠብቁ ባዶው ወረቀት ከዛሬው ይልቅ ያስፈራል። ደግሞም ረቂቁ አልቆ ማተሚያ ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ቅድሚያ ክፍያውን ነው።