ጉልበቱ በሥራ ላይ ለተጎዳ ወጣት

በቅርቡ በመጋዘን የሚሠራ አንድ ወጣት ጥያቄ ይዞ መጣ። ዕቃ ተሸክሞ ሲወርድ ጉልበቱ እንደተጠመዘዘበት፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት እንዳለፈና ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ሕመሙ እንደሚብስበት ነገረኝ፤ ቀጥሎም «ለአለቃዬ ባመለክት እንደ ከሳሽ እታያለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ራሱ ሊድን ይችላል፤ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ። ዛሬውኑ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ የዘገየበትንም ምክንያት ሳይደብቅ እንዲገልጽ፣ የማመልከቻውን ቀን ግን ከቶ ወደ ኋላ እንዳይመልስ መክሬ ሸኘሁት። ጥያቄው ግን ለብዙ ዓመታት ከውስጤ ያልወጣ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ፣ ለእርሱ በአጭሩ የመለስኩትን ለእናንተ ዘርዘር አድርጌ ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሐኪም ሆኜ ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ አንድ ጫኝና አውራጅ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። የግራ ጉልበታቸው ተቆልፎ አልዘረጋ ብሏቸው ስለነበር፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እግራቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ነው። እንደነገሩኝ ከጥቂት ወራት በፊት ከጭነት መኪና ካርቶን ተሸክመው ሲወርዱ እግራቸው በእንጨት ርብራብ መካከል ተሰንቅሮ ሲቀር፣ ሰውነታቸው ከነሸክሙ ወደ ጎን ዞረ። በጉልበታቸው ውስጥ አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ተሰማቸው፤ ቢሆንም ሥራ እስኪያበቃ እንደምንም ሠርተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ በማግስቱ ጠዋት ሲነሡ ጉልበታቸው አብጦ ነበር። ለሐኪም እንዲህ ያለው ዝርዝር ብዙ ይናገራል። ጉዳቱ በደረሰ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ብዙውን ጊዜ በውስጡ ደም መፍሰሱንና ጅማት መበጠሱን ሲጠቁም፣ በማግስቱ ቀስ ብሎ የመጣ እብጠት ግን በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ሆኖ ክብደት የሚያከፋፍለው፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው ልም አጥንት፣ ማለትም ሜኒስከስ፣ እንደተቀደደ ያስጠረጥራል። እግር በቦታው ተተክሎ ሰውነት ሲዞር በቀላሉ የሚጎዳውም እርሱ ነው።

የእርሳቸው አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ችግሩ ከዚያ ጀመረ ብል ከእውነት አልራቅኩም። ሲያነክሱ አይቶ በራሱ መኪና ወደ ክሊኒክ ወሰዳቸው፤ የምርመራውን ከራሱ ኪስ ከፈለላቸው፤ ጥቂት ቀን እንዲያርፉም ፈቀደላቸው። «በወረቀት ምን አደከመን፣ ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?» ብሏቸው ነበር። እርሳቸውም በደግነቱ ልባቸው ተነክቶ ምንም ሳይጽፉ ተመለሱ። ክሊኒኩ ውስጥ ያያቸው ባለሙያ በካርዳቸው ላይ ያሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የግራ ጉልበት ሕመምና እብጠት፤ ራጅ ጤናማ።» ራጅ የሚያሳየው አጥንትን እንጂ ሜኒስከስን ስላልሆነ፣ ጤናማ ተባለ ማለት አልተጎዳም ማለት አልነበረም። ከዚህም በላይ የከፋው፣ የት፣ መቼና ምን ሲሠሩ እንደተጎዱ የሚናገር አንዲት ቃል በዚያ ካርድ ላይ አለመኖሯ ነው።

እያነከሱ ወደ ሥራ ተመለሱ። የተቀደደው ሜኒስከስ ቀስ በቀስ ቦታውን ለቆ ወደ መገጣጠሚያው መሐል ገባና አንድ ቀን ጉልበታቸውን ቆለፈው። በቀዶ ሕክምና አወጣንላቸው። ከዚያ በኋላ የካሳ ጥያቄ ሲያቀርቡ አለቃቸው ወደ ሌላ ድርጅት ሄዶ ነበር፤ ሲጠመዘዙ ያያቸው የሥራ ባልደረባቸውም የት እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም። የመድን ድርጅቱ ሐኪም፣ በእርሳቸው ዕድሜ ሜኒስከስ ያለ አደጋም በእርጅና ሊቀደድ እንደሚችል ጻፈ፤ ይህ በጥቅሉ ሲታይ ሐሰት አይደለም። እኔም እንድመሰክር ተጠራሁ። የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ሐኪም፣ ታካሚውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት መቼ ነው? የቅዳዱን ሁኔታ አይተው የተቀደደበትን ቀን መናገር ይችላሉ?» ያየኋቸው ከወራት በኋላ መሆኑን ተናገርኩ፤ ቀኑን መለየት እንደማልችልም ተናገርኩ። የጉዳቱ ዓይነት እርሳቸው ከሚናገሩት አደጋ ጋር እንደሚስማማ ባስረዳም፣ «ይስማማል» የሚለው ቃል «ከዚያ የመጣ ነው» ከሚለው የቱን ያህል እንደሚርቅ ያን ዕለት በዓይኔ አየሁ። ጥያቄያቸው በማስረጃ እጥረት ውድቅ ሆነ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ መልስ ነው። እውነት ስለሆነ ዛሬም ብጠየቅ ሌላ መልስ የለኝም፤ እውነቱን ተናግሬ እውነተኛው ሰው መሸነፋቸው ግን አልወጣልኝም። ከችሎቱ ስንወጣ ስለ አለቃቸው ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «ዶክተር፣ ያን ዕለት እንዴት እንደተጎዳሁ የጠየቀኝ ሰው እኮ አልነበረም» አሉኝ። በዚያ ዘመን ኤምአርአይ፣ ማለትም ራጅ የማያሳየውን ልም አጥንትና ጅማት በማግኔት ኃይል የሚያሳየው ምርመራ፣ ለእንደርሳቸው ያለ ታካሚ የሚታሰብ አልነበረም። ዛሬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተነሣ ኤምአርአይ ቅዳዱን ብቻ ሳይሆን አጥንቱ ውስጥ በግጭት የተፈጠረውን የእርጥበት ምልክትም ሊያሳይ ይችላል፤ ያ ምልክት በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ስለሚጠፋ፣ በጊዜ ከተገኘ ጉዳቱ አዲስ መሆኑን ከሐኪም ምስክርነት ይበልጥ ያስረዳል።

ካሳ መጠየቅ አለቃን መክሰስ የሚመስላችሁ ወጣቶች፣ ሥርዓቱ ከምን ተነሥቶ እንደተዘረጋ ብታውቁ ሐሳባችሁን የምትለውጡ ይመስለኛል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ የተጎዳ ሠራተኛ ካሳ ለማግኘት የአሠሪውን ጥፋት በፍርድ ቤት ማስረዳት ነበረበት፤ በእንግሊዝ ሕግ ደግሞ አሠሪው «አንተም ጥፋት አለብህ»፣ «ያጠፋው የሥራ ባልደረባህ ነው»፣ ወይም «አደጋውን እያወቅህ ሥራውን ተቀብለሃል» ብሎ መከላከል ይችል ስለነበር የሚረታው ሠራተኛ ጥቂት ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 የአደጋ መድን ሕግ ስታወጣ፣ ብሪታንያም በ1897 የሠራተኞች ካሳ ሕግ ስትደነግግ ይህ አካሄድ ተለወጠ፤ ጉዳቱ ከሥራ መምጣቱ ከተረጋገጠ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ አይነሣም። በብዙ አገሮች በምትኩ ሠራተኛው አሠሪውን በፍርድ ቤት ከፍ ያለ ካሳ የመጠየቅ መብቱ ይጠብበታል። ስለዚህ የካሳ ማመልከቻ አስቀድሞ የተገባ ስምምነት ይፈጸምልኝ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው የሚወጣው ለዚሁ ተብሎ መዋጮ ከተከፈለበት መድን ወይም ፈንድ እንጂ ከአለቃችሁ ኪስ አይደለም። ያ ደግ አለቃ ከኪሱ ባይከፍልና ወረቀቱን ቢሞላ ኖሮ የሚበልጥ ደግነት በሠራ ነበር።

ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለባችሁ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ልነግራችሁ የምፈልገው ሐኪሙ ዘንድ ምን እንደምትናገሩ ነው። «ጉልበቴን አመመኝ» ብላችሁ አትቁሙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተሸከማችሁትን፣ እግራችሁ የት እንደነበረና ሰውነታችሁ ወዴት እንደዞረ፣ እብጠቱ መቼ እንደጀመረ፣ ማን እንዳያችሁ ተናገሩ፤ ቀኝ ይሁን ግራ በትክክል መጻፉንም አረጋግጡ፤ ግራና ቀኝ የተምታታበት ካርድ ጉዳይ ሲያበላሽ አይቻለሁና። በመጨረሻም «በሥራ ላይ መሆኑ ተጽፏል?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ለአሠሪው የምታስገቡት ማመልከቻም ይህንኑ ይናገር፤ ቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስፈርማችሁ ያዙ። የማሳወቂያው የጊዜ ገደብ በየአገሩ ሕግ ስለሚለያይና አንዳንዱ በጣም አጭር ስለሆነ፣ እድን እንደሆነ ልጠብቅ ማለት መብትን ሊያሳጣ ይችላል። በአስቀጣሪ ድርጅት በኩል ተቀጥራችሁ ሌላ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ለሁለቱም አሳውቁ።

ስለ ዘመኑ ወጣቶች ያለኝን ልናገር። ከእኛ ይልቅ ደፋር ጠያቂዎች ናችሁ፤ ይህን አከብራለሁ። ነገር ግን የምትበሉትንና የምትለብሱትን በስልክ ስታነሡ ውላችሁ፣ የወደቃችሁበትን ወለል ለማንሣት አትቸኩሉም፤ ለአለቃችሁም በድምፅ መልእክት ነግራችሁ የተመዘገበ ይመስላችኋል። ሁለት መስመር ጽፎ መፈረምን እንደ አሮጌ ልማድ ማየታችሁ ያሳስበኛል፤ በችሎትም ሆነ በሕክምና ቦርድ ፊት ክብደት የሚሰጠው አሁንም ያ ጽሑፍ ነውና።

ቀድሞ የነበረባችሁን የጉልበት ሕመምም አትደብቁ። ነባር ሕመምን ሥራ ሲያባብሰው በብዙ ሕጎች ካሳ ያስገኛል፤ የተደበቀ ታሪክ በኋላ ከሌላ ሆስፒታል ካርድ ሲወጣ ግን እውነተኛውን ክፍል ጭምር ይዞት ይወድቃል።

አደጋ የሚባል ቀን የሌላቸውም አሉ። ወለል በጉልበታቸው ተንበርክከው እየፈገፈጉ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንዲት እናት፣ ከጉልበት ሎሚያቸው ፊት ያለው ከረጢት ውኃ ቋጥሮ እያበጠ ይመላለሱብኝ ነበር፤ «የወደቁት መቼ ነው?» ለሚለው መጠይቅ መልስ ስለሌላቸው ጉዳያቸው ሳይታይ ይመለስ ነበር። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው የሙያ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ለረጅም ጊዜ በመንበርከክ የሚመጣው የጉልበት ከረጢት ብግነት፣ እንዲሁም ለረጅም ጊዜ በመንበርከክ ወይም ቁጢጥ ብሎ በመሥራት የሚመጣው የሜኒስከስ ጉዳት በስም ተጠቅሰዋል። ሴራሚክ የምታነጥፉ፣ ቧንቧ የምትዘረጉ፣ ወለል የምታጸዱ ወጣቶች ይህን ዕወቁ፤ የእናንተ ማስረጃ የአንድ ቀን አደጋ ሳይሆን በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ዓመት ተንበርክካችሁ እንደሠራችሁ የሚገልጽ መረጃ ነው፤ አገራችሁ ዝርዝሩን እንዴት እንደተቀበለችውም ጠይቁ።

ስለ ክፍያው ስታስቡ ሦስት ነገሮችን ለያይታችሁ እዩ፦ የሕክምና ወጪ፣ ከሥራ በምትቀሩበት ጊዜ የሚተካ ደመወዝ፣ እና ዘላቂ የአካል ጉዳት ከቀረ የሚከፈል ካሳ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው 121ኛው ስምምነት፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ላሉት ሠራተኛ በጊዜያዊነት መሥራት ሲያቅተው የሚሰጠው ክፍያ ከቀድሞ ገቢው ቢያንስ 60 በመቶ እንዲሆን ያስቀምጣል፤ ስምምነቱን ያላጸደቁ አገሮች ግን ብዙ ናቸውና የራሳችሁን ሕግ አንብቡ። ሦስተኛው፣ የዘላቂ ጉዳት መቶኛ፣ ጉልበቱ ተሽሎት ከዚህ በላይ አይሻሻልም እስኪባል ድረስ ሊወሰን አይገባም። ፌርባንክ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሜኒስከስ የወጣለት ጉልበት ከዓመታት በኋላ በራጅ የሚታይ ለውጥ እንደሚያሳይ ገልጿል፤ ዛሬ ሐኪሞች የሚቻለውን ያህል ለመስፋትና ለማትረፍ የምንጥረውም ሜኒስከስ ሲወጣ መገጣጠሚያው ከጊዜ በኋላ ሊበላ እንደሚችል ከዚያ ወዲህ ስለተረዳን ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ የተጎዳ ጉልበት በአርባዎቹ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ስለዚህ «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» የሚል ሰነድ ለመፈረም አትቸኩሉ።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ የሚቃረን የሚመስል ነገር መጨመር አለብኝ። ጉዳያቸውን ለዓመታት ሲጎትቱ፣ ብድን ካሳዬ ይቀንሳል ብለው የጭናቸውን ጡንቻ የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴ የተዉ ሰዎችን አክሜአለሁ። ያ ጡንቻ ሥራ ሲፈታ በሳምንታት ውስጥ ይመነምናል፤ እርሱ የመነመነበት ጉልበት ደግሞ ካሳው ቢገኝም አያገለግልም። ከእነዚህ ለአንዳንዶቹ ያነሰ ገንዘብ ተቀብለው ወደ ፊዚዮቴራፒያቸው ቢመለሱ ይሻላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ቀለል ያለ ሥራ ሲቀርብላችሁም ሐኪማችሁ ከፈቀደ ተቀበሉት፤ የተፈቀደላችሁንና የተከለከለላችሁን፣ ለምሳሌ የሸክም መጠንን፣ መንበርከክንና መሰላል መውጣትን፣ በጽሑፍ አሰጥታችሁ ለአለቃችሁ ስጡ። ለመፈራረም ስትቀርቡ ደግሞ ከገንዘቡ መጠን በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ይህ ጉልበት ከዓመታት በኋላ ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ወጪውን ማን ይሸፍናል? መልሱም በቃል እንዳይቀር፣ በዚያው ሰነድ ውስጥ እንዲሰፍር አድርጉ።